ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት

ካርታ ሠሪው ኤልስዎርዝ በርች የሞተው ራሱ ካርታው ላይ ምንጭ ብሎ ምልክት ባደረገበት ቦታ ነበር። ባቡር ባልደረሰበት በዚህ የዩታ በረሃ ቦታው ጠብታ ውሃ የማያውቅ ገደል ነው። ሰውዬው አሸዋውን ክንዱ እስኪቀበር ቆፍሮታል፤ ጥፍሮቹ ተነቅለዋል።

ሸሪፍ ሌሃይ ታነር ካርታውን ከሬሳው ደረት ላይ አንሥተው አሸዋውን አራገፉ።

«በጊዜ ለምን አልተመለሰም?» ሲሉ የሟቹን ረዳት ዴልበርትን ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ ከዓይኑ ይልቅ ካርታውን ነበር የሚያምነው። ከሁለት አፋፍ ላይ ሆኖ ውሃ ዳር ብቻ የሚበቅሉ ዛፎችን ጫፍ አነጣጠረና ካርታው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ። የተገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ አለ ብሎ ብቻውን ወረደ።»

«አፋፉ ላይ የቆመበትን ቦታ በምን አወቀ?»

«እኔ በካብኳቸውና እሱ ካርታው ላይ ባሰፈራቸው የድንጋይ ምልክቶች ነዋ። የከተማ ሰው ነኝ፤ ካቤን አይተው እንዳይስቁብኝ!»

«ዶሮ ብታርፍበት ይናዳል» አለ በቅሎ ጫኙ ሩሎን። «ለነገሩ እኔም ከዚያ የተሻለ አልክብም።»

የሸሪፉ እህት የቲርዛ ባል ኦርሰን ግን ኮፍያውን አውልቆ ሬሳውን ያያል። የቲርዛና የልጆቿ ከብቶች የሚኖሩት በአንድ ምንጭ ነው፤ ሩሎንም በቅሎዎቹን የሚያጠጣው ከዚያው ነው። ምንጩ ካርታ ላይ ከወጣ ትልቁ የከብት ኩባንያ እንደሚቀማቸው ስለሚያውቅ የአገሩ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል።

ሸሪፉ ከሁለቱ አፋፎች አንዱ ላይ ወጥተው ካቡን በእግራቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ራቅ ብሎ ፀሐይ ያላጠቆረው፣ ድንጋይ የተነሣበት መሬት አገኙ። ሦስቱንም ወደዚያ ጠሯቸው።

«ይህ ካብ ከቦታው ተነሥቷል» አሉ። «ስለዚህ ሟቹ የቆመበትን ተሳሳተ። የቆመበትን ሲሳሳት መስመሮቹ እውነተኛውን ምንጭ ስተው ደረቁ ገደል ውስጥ ተገናኙ። ማን አነሣው? እዩት፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ተቀምጧል፣ ክፍተቱ በጠጠር ተወትፏል። የድንጋይ አጥር ማዕዘን እንዲህ ነው የሚካበው። ዴልበርትም ሩሎንም አይችሉትም። ኦርሰን፣ ዕድሜ ልኩን አጥር የካበ እጅ ለተንኮልም ቢሆን አበላሽቶ መካብ አይሆንለትም።»

ኦርሰን ካቡን ትክ ብሎ አየው።

«ሲያጣው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል ብዬ ነበር፣ ወንድም ሌሃይ። ደረቅ አሸዋ እያየ ይቆፍራል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ኦርሰን በምሬት ፈገግ ብሎ እጆቹን ለሰንሰለት ዘረጋ።

«ይሁን፣ ይሰሩኝ። ዳኛው ‹መስመሮቹ መገናኘት የነበረባቸው የት ነው?› ሲልዎትስ? የእህትዎ ልጆች ምን ሊጠጡ ነው?»

ሸሪፉ ካርታውን ዘርግተው ከዴልበርት እርሳስና ማስመሪያ ተቀበሉ። የተሳሳተውን መስመር ካቡ ቀድሞ ከነበረበት ቦታ አስነሥተው እንደገና አሰመሩ፤ ሁለቱ መስመሮች በተገናኙበትም ላይ የቲርዛን ምንጭ በገዛ እጃቸው ጻፉ።