የሦስተኛው አልበም ድራመር

እኔ ሙዚቃ ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም። ዘፈን ሲከፈት እግሬ ይነሳል፣ ጣቴ ጠረጴዛ ይደበድባል። እናቴ «ይቺ ልጅ የምትቀመጥበት ቦታ ሁሉ እሾህ አለበት» ትላለች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መነጽር ቤት ሌንስ እየሞረድኩ በግዴ እቀመጣለሁ። እሑድ ከሰዓት ግን የራሴ ነው።

እሑድ እሑድ የምሄደው አሮጌ ጊታርና የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት፣ አንድ ሕንፃ አናት ላይ ያለ ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱን «ዳኛው» እንለዋለን፤ ክርክር ሲጦፍ የሚፈርደው እሱ ነዋ። እዚያ የምንሰበሰብ ሰዎች ሥራችን አንድ ነው፤ የምንወዳቸውን ባንዶችና አልበሞች ማወዳደር፣ መጣላት፣ ሻይ መጠጣት፣ እንደገና መጣላት። የዳኛው ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የአልበሙን ሽፋን በእጁ ያልያዘ ሰው አይናገርም። ስለዚህ ግማሹ ክርክር ሽፋን መቀማማት ነው።

አብዝተን የምንጣላው «ሌሊት ፈረቃ» በሚባለው ባንድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት፣ እኔ ሳልወለድ አራት አልበም አውጥቶ የተበተነ ባንድ ነው። አንዱ «ሁለተኛውን አልበም የነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው» ይላል፤ ሌላው ከአራተኛው ወዲያ ሙዚቃ የለም ባይ ነው። እኔ የሦስተኛው ነኝ። «ተራ ጠባቂዎች» ይባላል። ለምን እንዲያ ሙጭጭ እንደምልበት ማንም አያውቅም ነበር። የሦስተኛው አልበም ድራመር አባቴ ነው።

አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ከዚያ በኋላ ማን ከልቡ ያወራል? ሁሉም «አባትሽማ!» እያለ ሊያሞጋግስልኝ ነው። አባቴም ወሬው እንዲነሳ አይወድም። ከዚያ አልበም በኋላ ባንዱን ትቶ መኪና መንዳት ማስተማር ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ «ቀስ በል፣ ፍሬን ያዝ» ሲል ይውላል። ቤታችን ውስጥ ታሪኩ አንድ ነው። ባንዱ አገር ላገር ሊዞር ሲነሳ አባቴ እናቴን ሊያገባ ብሎ ቀረ። እኔም በዚህ ታሪክ ነው ያደግኩት። ለፍቅር ሲል ድራሙን የጣለ አባት አለኝ ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ።

አንድ እሑድ ታዲያ ሽፋኑን ይዤ ስለ ሦስተኛው አልበም ስሰብክ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጥሩ አልበም ነው። ድራመሩ ባያበላሸው።»

ዞር አልን። ቱታ የለበሰ፣ ጉንጩን ግራሶ የነካው ረጅም ወጣት ብሎን መፍቻውን ይዞ ቆሟል። የሕንፃውን ሊፍት ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ነው።

«ሽፋን ሳትይዝ አትናገርም» አለው ዳኛው።

ልጁ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ እኔ ዘረጋ። አየኝ። ሰጠሁት። እኔ ሽፋን በሰላም አስረክቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ።

«‹ቆይ› የሚለው ዘፈን ላይ ነው» አለ። «ሁለተኛው አዝማች እንዳለቀ ድራሙ ይጎተታል። ቤዝ ጊታሩ ይጠብቀዋል፣ ዘፋኙ ይጠብቀዋል። ስትሰሙት ሁሉም ተጨንቀዋል። ለኔ ያንን ባንድ የገደለው ያ ሰው ነው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ፣ ሊፍትህን አትጠግንም?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ውረድበታ!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ አንገቱን ይሰብራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ሊፍቱ» ሆኖ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ቱታውን አውልቆ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። የሕንፃው ሊፍት ግን አልተበላሸም ነበር።

ተጣላን። ሌላ ምን እናድርግ? እሑድ በመጣ ቁጥር እሱ አንድ ይላል፣ እኔ ሁለት እመልሳለሁ። ዳኛው «እናንተ ሁለታችሁ ለብቻችሁ ሱቅ ክፈቱ» እስኪል ድረስ ሽፋን ስንቀማማ ጣታችን ይነካካል፤ ማናችንም ቶሎ አንለቅም። ሰኞ ላይ እሑድን መናፈቅ ጀመርኩ። ማክሰኞ ሌንስ ሰበርኩ።

ሐሙስ ዕለት መነጽር ቤት መጣ። «ዓይኔ ያስቸግረኛል» አለ። መረመርነው፤ ዓይኑ ከኔ ዓይን ይሻላል።

«ምንም የለብህም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለ የመነጽር ፍሬም አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ያ ሁሉ አፍ የት ገባ? «እሑድ ራቀብኝ» አለ። እኔም የምሳ ሰዓቴ ሳይደርስ ጋዋኔን አውልቄ ወጣሁ።

ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሱ አደረገና «ቆይ»ን ከፈተ። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶታል፤ ልቤ ከዘፈኑ ቀድሞ ይሮጣል። ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ጣቱን አነሳ።

ሰማሁት። ወይ ጉድ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ዘፈን ነው፤ አንድም ቀን አልሰማሁትም ነበር። ድራሙ ወደ ኋላ ቀረ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ደረሰባቸው። አንዴ ከሰሙት በኋላ ደግሞ አለመስማት የለም።

«አየሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ደስ ያለው ስላሸነፈ አይደለም፤ አብሬው ስለሰማሁ ነው። ያኔ ወደድኩት። ያኔውኑ ደግሞ አባቴን የከዳሁት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ማታ አባቴ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ጆሮዬን አቁሜ፣ ይዘገይ ይሆን እያልኩ አደምጣለሁ። በራሴ አፈርኩ። ሊፍቱ በተገናኘን ቁጥር ስለ ድራመሩ ይቀልዳል፤ እኔ እስቃለሁ፤ ማታ ደግሞ የአባቴን ዓይን እሸሻለሁ። የሆድን በሆድ ይዞ መዞር ለኔ ዓይነቷ አይሆንም። አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ አፈነዳሁት።

«ያ ድራመር አባቴ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ቀልድሽን ነው?»

«በአባት ይቀለዳል?»

ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ፤ ሁለታችንም አልተሳፈርንም። በመጨረሻ «ይቅርታ» ብሎ በእግሩ ሄደ። አልጠራሁትም። እስከ እሑድ ስልክ ባየሁ ቁጥር ሞቼ ተነሳሁ።

እሑድ ሱቁ ውስጥ ሽፋኑን ጠይቆ ተቀበለ፤ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እኛ ዘንድ ሽፋን በሁለት እጁ የያዘ ሰው የተናገረውን ሊያነሳ ነው።

«ስለ ሦስተኛው አልበም ድራመር ያልኩትን አንስቻለሁ» አለ። «ተሳስቼ ነው። እንደገና ሰማሁት። እንከን የለውም።»

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ደረሰብኝ።

«ምን አጠፋሁ? ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ!»

«ዋሸህ እንጂ! ይዘገያል። አንተ ነህ ያሰማኸኝ።»

«እና ምን ላድርግ? አባትሽን እየሰደብኩ ልውደድሽ?»

«ስድብ ነው አላልኩም። እውነት ነው የነገርከኝ፤ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የወደድኩህም ለሱ ነው። ዛሬ ለአንድ ዘፈን ከዋሸኸኝ ነገ ስንት ነገር ልትዋሸኝ ነው?»

«አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ እንዲህ ነው የምታጣኝ» ብዬው ወረድኩ። ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ ግን የተናገርኩት ከልቤ ነው። እንባዬ ደረጃውን ጋረደኝ።

ቤት ስገባ በሩን አላተምኩት። እናቴ ማድቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። «ማን ሞተ?» አለች። እናቴ ፊት ሦስት ደቂቃ መዋሸት የቻለ ሰው የለም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባትሽን ‹ባንዱን የገደለ› ያለ ሰው? ለኛ ሲል ሙያውን የጣለን ሰው? እዚህ ቤት እግሩ እንዳይረግጥ!»

ዘወር ስንል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየነውም።

«የትኛው ዘፈን ላይ ነው ያለው?» አለኝ።

«አባዬ፣ ተወው...»

«የትኛው?»

«‹ቆይ› ላይ።»

«የት ጋ?»

«ሁለተኛው አዝማች እንዳለቀ።»

ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ። «ነገ ልጁን አምጪው» ብሎ ሄደ።

ለሊፍቱ ስልክ ደወልኩለት። ጠባችን ገና አልበረደም፤ ግን «አባቴ ይፈልግሃል» ስለው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «እመጣለሁ» አለ። ያቺ መልሱ ትንሽ አበረደችኝ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቶ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። አባቴ አስቀመጠውና ሸክላውን ከፈተ። ይህ ሸክላ ቤታችን እንዳለም አላውቅም ነበር፤ ከየት እንዳወጣው እሱ ነው የሚያውቀው። ዘፈኑ ያቺን ቦታ አልፎ አለቀ።

«እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

ሊፍቱ አየኝ። ወዲያ አየሁ። ራሱ ይወጣው።

«ግሩም ነው ጋሼ።»

አባቴ መርፌውን አንስቶ ከመጀመሪያው መለሰው። እንደገና ሰማን። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ መስኮት ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በልቤ «ተናገር፣ በናትህ ተናገር» እለዋለሁ። ከዋሸ፣ በልቤ እንደቆረጥኩት ላገባው አልችልም፤ ከተናገረ ደግሞ አባቴ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሁለተኛው አዝማች ሊያልቅ ሲል ጣቱን አነሳ።

«እዚህ ጋ» አለ። «ይዘገያል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ይዘገያሉ።»

አባቴ ጉልበቱን መታና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

«ይሄውና! አንድ ሰው ተገኘ!» አለ። «የቀረጻው ቀን እጄ ፈራ ልጄ። ‹ልድገመው› ብላቸው ‹ማንም አይሰማውም› አሉኝ። ሸክላው ሲወጣ እኔ ሰማሁት። ጓደኞቼን አንድ ባንድ ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ‹ግሩም ነው› አሉ። አዘኑልኝ እኮ ነው! ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ እርስ በርስ ሲተያዩ ስለኔ ይመስለኝ ጀመር። አንዱ እንኳ ‹ዘግይተሃል፣ ተለማመድ› ቢለኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እመታ ነበር። ከማፈር ማግባት ይሻላል ብዬ ወጣሁ።»

«ምን አልክ?»

እናቴ ናት። የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«ከማፈር ማግባት ይሻላል?»

ጉድ ፈላ። አባቴ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ማግባቱንማ... ማግባቱንማ ወድጄ ነው፤ እኔ ያልኩት...»

«እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት!» አለች። ትሪው ላይ ያሉት ስኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። «ያ ባንድ ሬዲዮ ላይ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ ሳጠፋ! ሰው የሚወደውን ነገር አስጥዬዋለሁ እያልኩ! ተጣልተን እንኳ መልስ የምመልስበት አፍ አጣሁ እኮ፤ ‹ለኔ ሲል ሕይወቱን የተወ ሰው ምን ይባላል› እያልኩ ስውጥ ስውጥ!»

«ልነግርሽ እያልኩ...»

«ስትል መሸ!»

ሸክላው አልቆ ባዶውን ይዞራል። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ተናዳለች፣ ግን ትከሻዋ ቀለል ብሏል። ወደ ሊፍቱ ዞረች። ልጁ ደንግጦ ተነሳ።

«አንተስ? ልጄን ደስ ላሰኝ ብለህ ዋሽተሃል አሉ።»

«አዎ። ሱቁ ውስጥ አንድ ጊዜ። አሁን ደግሞ እዚህ ሁለተኛ።»

«ሦስተኛ እንዳይኖር። ለዚህ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃዋል።»

ሻዩን ሰጠችው። ለኔም ሰጠችኝ። ለአባቴ አልሰጠችውም።

ሁለቱን ትተናቸው ወጣን። ደረጃው ላይ ሆነን የእናቴ ድምፅ ይሰማናል፤ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው፣ በቶሎ የሚያልቅ አይደለም። በመሃል አባቴ አንድ ነገር አለ፤ እሷ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ አናዷት እንደገና ቀጠለች።

ሊፍቱ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ደግሞ ሰው እስኪጠይቀኝ የምጠብቅ አይደለሁም።

«ታገባኛለህ?» አልኩት።

አየኝ፣ በሩን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

«እናትሽን እፈራቸዋለሁ» አለ። «አባትሽንም እፈራቸዋለሁ። አንቺን ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ እፈራሻለሁ። ግን አዎ።»

አመንኩት።