ከረጢት ለብሶ የሳቀው ትል

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ስለ አንዲት ቀናተኛ ልጅና ስለ አንድ ትል ላውጋችሁ።

የወለላ እናት ከጎረቤቷ ከእትዬ ዘነቡ ጋር የቃጫ ከረጢት ትሠራለች። ከረጢቱ ሲያረጅ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ እንደ ፌስታል ምድርን አያስቸግርም።

አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ዋዜማ፣ እናቷ የሁለቱን ቤት ልጆች ጠራች። «ይህ ዕቃ ምድርን አይጎዳም» የሚል ሥዕል ሣሉልኝ አለቻቸው። የተመረጠው ሥዕል በየከረጢቱ ላይ ምልክት ሆኖ ይታተማል።

ወለላ ፀሐይ ሣለች። አበባ ሣለች። አንበሳም ጨመረች። በላዩ ላይ የከረሜላ ልጣጭ ለጠፈችበት፤ ብልጭ፣ ብልጭ።

የእትዬ ዘነቡ ልጅ ያኔት ግን አንድ ትል ብቻ ሣለች። ትሉ አሮጌ ከረጢት ለብሶ፣ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይስቃል።

«ወለልዬ፣ ያንቺ ያምራል» አለች እናቷ። «ልጣጩ ግን ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም።»

ትሉን መረጠች። የገዛ እናቷ!

ቅናት በር አያንኳኳም። ዝም ብሎ ሆድ ይገባና ይቧጥጣል። ቧጠጥ፣ ቧጠጥ።

ወለላ ስታልፍ ትሉን አየችው። ስትመለስ አየችው። ጠማማ ሳቁን። የአንገቱን ሦስት እጥፋት። ቧጠጥ፣ ቧጠጥ።

ማንም ሳያያት ሥዕሉን አነሳችና ለፍየላቸው ለቦራ ሰጠቻት። ክርሽም፣ ክርሽም። ዋጥ።

ያኔት ሥዕሏን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ የለም። እንደገና ልትሥል ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ትሉ ቧንቧ መሰለ። ቀጥሎ ደግሞ ጫማ መሰለ።

«በቃ፣ ነገ ያለ ምልክት ገበያ እንወጣለን» አለች የወለላ እናት።

ወለላ መሬት መሬት አየች። «የበላችው ቦራ ናት። የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ።»

ያኔት ጀርባዋን ሰጠቻት።

ወለላ እርሳስ አነሳች። ዓይኗ በቅናት ያየውን አልረሳም። ሦስቱን እጥፋት ሣለች። ጠማማውን ሳቅ ሣለች። ቁርጥ ያኔት የሣለችውን ትል!

ያኔት ቀስ ብላ ዞረች።

«ዓይኑን ረሳሽው» አለች። እርሳሱን ነጠቀቻትና ዓይኑን ሣለች።

እትዬ ዘነቡ ትሉን ድንች ላይ ቀረጹት። ድንቹን በቀይ ሥር ጭማቂ እየነከሩ ከረጢቶቹ ላይ አተሙት። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ራት ቀረበ። ያኔት አሁንም እንዳኮረፈች ነው።

ወለላ በሩ ላይ ስትቆም ግን፣ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችላት።