የአዴ ሎሚ ካሴት

ነጩ ፒክአፕ ለሦስተኛ ጊዜ አለፈ።

ሰይፈሚካኤል ቀና አላለም። የስቴሪዮውን ገመድ እየጠቀለለ በመስኮቱ በኩል በዓይኑ ጥግ አየው። ሁለት ሰዎች ናቸው። መስታወት ዝቅ አድርገዋል። በመጋቢት ቀትር ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ መስታወት ዝቅ አድርጎ የሚዞር ወይ ሽንኩርት ገዢ ነው፣ ወይ ሰው ፈላጊ። እነዚህ ደግሞ ሽንኩርቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ምነው ልጄ፣ አላበህ?» አሉት አዴ ሎሚ።

«ሙቀቱ ነው፣ አዴ።»

የሚሰናዳው ዕቃ ጀርመን ሠራሽ ስቴሪዮ ነው። ላዩ ላይ የሸክላ ማጫወቻ፣ ፊቱ ላይ የካሴት አፍ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር። የአዴ ሎሚ ባል በደርግ ጊዜ ናዝሬት ገዝተው በሽንኩርት መኪና ጭነው ያመጡት ነው። አሁን አይሠራም። በአፉ ካሴት ተወትፎበታል።

«ስማኝማ፣ አልሸጥልህም» አሉ አዴ ሎሚ። «የምሰጥህ ልታበጀው ነው። ልጄ ከመሞቷ በፊት ‹ሃርሜ፣ እናትዬ፣ ላንቺም የቀዳሁት አለ› ብላኛለች። ድምፅዋን አንዴ ልስማ፤ ከዚያ ፈጣሪ የፈቀደውን ያድርገኝ።»

«አበጀዋለሁ።»

«የልጄ የጋዲሴ አጥንት ይውጋኝ በል።»

ይሄን አልጠበቀም።

«አጥንቷ ይውጋኝ» አለ። ስቴሪዮውን አቅፎ ወጣ፤ ትንሿ የጭነት መኪናው ላይ ጭኖ ሸራ አለበሰው።

ምስኪን ሴት! ማንን እንዳስማሉ አያውቁም። ሰውዬው ሰይፈሚካኤል አይባልም። ሦስት ዓመት ሙሉ አዳማ ላይ ያረጀ ስቴሪዮ እየገዛ፣ እየጠገነ፣ እየሸጠ የኖረ የስለላ ሰው ነው። የሚስጥር ስሙ «መርፌ» ነው። የተላከው በአሮጌ ስፒከር ሳጥን ተደብቆ ሞጆ አንድ የግል መጋዘን የሚገባ ሽጉጥ ለመከታተል ነበር። ጋዲሴ ለመጋዘኑ ዕቃ የጉምሩክ ጉዳይ የምታስጨርስ ትራንዚተር ነበረች። መረጃ እንድታወጣለት ያግባባት እሱ ነው። በጥር ወር ከባድ መኪና ገጫት። «አደጋ» ተባለ።

አደጋ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የማይሠራ ስቴሪዮ ሲከፍት፣ ከስፒከሩ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ጋዲሴ ስሙን የጠራችው ይመስለዋል። ቀን በቀን። ደንበኛ ፊቱ ቆሞ እያወራው እንኳ ዝም በል ይለዋል፣ እስኪያዳምጥ።

የመጨረሻ መልእክቷ አጭር ነበር፦ «ሁሉም ሃርሜ ቤት ነው። ስቴሪዮው ውስጥ። የነገረችኝንም ልጅ ስሟን ታገኛለህ። እሷን አደራ።» ይሄንን የነገረው ለአለቃው ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት አለች። ጋዲሴን ከውስጥ ታቀብላት የነበረች፣ እስካሁንም እዚያው መጋዘን ውላ የምትገባ። ሽጉጥ ነጋዴዎቹ ካሴቱን ቀድመውት ካገኙ ያቺ ሴት ሳምንት አታድርም።

ስልኩን አወጣ። አለቃው የሚስጥር ስሙ «አንቴና» ነው። ለአዳማ ሰው ግን ጋሽ ገሠሠ ነው፤ ያረጀ ስቴሪዮ የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ባለጸጋ።

«ዕቃው ተነሣ» አለ መርፌ።

«ፍላሹ አለ?»

«ፍላሽ አይደለም። ካሴት ነው። እላዩ ላይ የእሷ ጽሕፈት አለ።»

«ክዳኑን እንዳትነካ። እንዳለ ሞጆ አምጣው። ስምንት ሰዓት፣ የሾፌሮቹ ሆቴል።»

«አንድ ነጭ ፒክአፕ ከኋላዬ አለ።»

«የእኛ ናቸው» አለ ገሠሠ። ዘጋው።

የእኛ ከሆኑ ለምን አልተነገረውም? ይሄ ነገር እስከ ቆቃ ድረስ ሲከነክነው ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ «ሐዘኑ ይውጣ፣ ሴትየዋ ቤት አትጠጋ» ሲል የኖረው ገሠሠ፣ ትናንት ድንገት «ሂድ» አለው። ደግሞስ ጠጋኝን ክዳን አትክፈት ማለት ምን ማለት ነው?

ቆቃ ላይ አንድ አሳ ቤት ግቢ መኪናውን አስገባ። ፒክአፑ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። አሳ አዘዘ፤ ከዚያ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራውን በላዩ ሳበ። ብሎን መፍቻ። አራት ብሎን።

ብሎኖቹ ገና ሳይነኩ ለቀቁ።

ክዳኑን ገለበጠው። የስቴሪዮ ጠጋኞች ወግ አላቸው፤ ክዳን የከፈተ ሁሉ ከውስጥ በእርሳስ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ማን ምን እንደነካ ቀጣዩ እንዲያውቅ ነው። ሰይፈሚካኤልም ሙያውን የተማረ ቀን መጀመሪያ የተነገረው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጽሑፍ አለ። የደበዘዘው «ነጋሳ፣ ናዝሬት፣ 1979» ይላል። ሁለተኛው ገና ያብረቀርቃል።

«ዲበኩሉ፣ አዳማ፣ 21/6/2017»

የካቲት ሃያ አንድ። የዛሬ ሦስት ሳምንት።

ዲበኩሉ ከሱ ሱቅ ሦስተኛው በር ላይ ያለ ጠጋኝ ነው። ወሬ የማያልቅበት፣ ክፋት የማያውቅ ሰው። ደወለለት።

«ዲቤ፣ ዓለም ጤና ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«አንተ! ማን ነገረህ?»

«ራስህ ጽፈኸዋላ፣ ክዳኑ ላይ።»

ዲበኩሉ በሳቅ ፈነዳ። «አይ እጄ! ሰውዬው ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብሎኝ ነበር እኮ!»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያንተው ደንበኛ ነዋ፣ ጋሽ ገሠሠ! ‹ውስጡ ፍላሽ አለ፣ አውጣልኝ› ብሎ ሰደደኝ። የምን ፍላሽ? አቧራና የሞተች እንሽላሊት ነው ያገኘሁት። አፉ ላይ ካሴት ተወትፏል፤ በዚህ ዘመን ካሴት ለማን ሊሆን ብዬ መልሼ ዘጋሁታ። ምነው፣ ደንበኛህን ነጠቅሁህ እንዴ?»

«ግድ የለም» አለ ሰይፈሚካኤል።

ስልኩን ዘጋ። ከእናቷ ሌላ፣ ስቴሪዮው ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እሱና ገሠሠ። ጋዲሴ እንደምትሠራለትም የሚያውቁት እነዚያው ሁለቱ።

ሸጧታል። ገሠሠ ሸጧታል።

ካሴቱን በቀስታ አላቀቀው። የተዝረከረከውን ክር በእርሳስ ጠቀለለ። ለመሞከሪያ በምትሆነው ትንሽ የኪስ ማጫወቻ ከተተውና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

መጀመሪያ ሳል። ከዚያ ድምፅዋ።

«ሰይፉ፣ ዕቃው ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ‹አሮጌ ስፒከር› ተብሎ የተጻፈበት። ይሄን የነገረችኝ ሃፍሳ ናት፣ የመኪና ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ። ስፒከር እንዲህ አይከብድም ብላ ነው የነቃችው። ሃፍሳ ሦስት ጊዜ መዝናዋለች...»

እየደጋገመች ሃፍሳ፣ ሃፍሳ ትላለች። ስሟን የምትደብቅበት ሰው ያለ አልመሰላትም፤ እሱ ብቻ የሚሰማው መስሏታል። በመጨረሻ ድምፅዋ ለሰለሰ።

«ሃርሜ፣ አንቺ ደግሞ ስኳርሽን ተለኪ። ሃፍሳ ከመጣች እንደኔ አድርገሽ ተቀበያት፤ እናት የላትም።»

ከዚያ መቅጃውን ሳታጠፋ ረሳችው። ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። እያንጎራጎረች ነው።

የሰይፈሚካኤል እንባ አገጩ ላይ ደርሶ ነው የታወቀው።

የፒክአፑ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ።

አንድ ቁጥር አለ፤ ሦስት ዓመት በቃሉ የያዘው። የሚደወለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አለቃህ ሲሸጥህ። ደወለ። አንዲት ሴት አነሣች።

«መርፌ ነኝ። አንቴና ተሽጧል።»

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ሃፍሳ የምትባል ልጅ። ሞጆ፣ የምንከታተለው መጋዘን፣ የመኪና ሚዛን ላይ። አሁኑኑ አውጧት። ከዚያ ሰባተኛውን ረድፍ ክፈቱ። አንቴና ስምንት ሰዓት የሾፌሮቹ ሆቴል ይጠብቀኛል።»

«አንድ ሰዓት ስጠኝ። ካሴቱስ?»

ስልኩን ዘጋው።

የእግር ኮቴ። ጠጠሩ ላይ።

ቢደብቀው መኪናውን ብሎን በብሎን ይፈቱታል። ሌላ ካሴት ቢሰጣቸው ጽሕፈቷን ያውቁታል። ይሄንኑ ቢሰጣቸው ሃፍሳ ከሚዛኑ ሳትወርድ ትሞታለች። ስሟን ብቻ ነጥሎ እንዳያጠፋ ጊዜ የለም፤ ስሟ ደግሞ ጋዲሴ ለእናቷ ባለችው ውስጥ ሳይቀር አለ።

የስፒከሩን ጀርባ ፈታ። ትልቁ ማግኔት፣ የቡጢ ያህል። ካሴት ማግኔት አጠገብ አይቀመጥም፤ ይሄን ጀማሪ ጠጋኝም ያውቃል።

«ይቅር በይኝ፣ ጋዲ» አለ።

ካሴቱን ማግኔቱ ላይ አሸው። በአንድ ጎን። በሌላው ጎን። ደግሞ መልሶ። ማግኔት አይመርጥም። ሃፍሳንም ሃርሜንም ሳህኑንም እንጉርጉሮውንም ወሰደው።

ሸራው ተገለጠ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስፒከሩ ላልቶ መንገድ ላይ ሲንኳኳብኝ ነበር» አለ። ካሴቱ የስቴሪዮው አፍ ውስጥ ተመልሷል። «አሳ ትበላላችሁ?»

ሞጆ ሲገቡ ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የሾፌሮቹ ሆቴል ግቢ በተሳቢ መኪና ተጨናንቋል። ገሠሠ ጥግ ላይ፣ የቆየ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሰይፈሚካኤል አጠገቡ ገባ። ሁለቱ ሰዎች በግራና በቀኝ ቆሙ። ገሠሠ ካሴቱን በመኪናው ቴፕ ከተተ።

ሽሽሽሽ።

ገለበጠው።

ሽሽሽሽ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋሽ ገሠሠ፣ ምን ጠብቀው ነበር? የሁለት ወር ሙቀት፣ ያውም ስፒከር ሥር። ባዶ ነው።»

«ሰምተኸዋል?»

«በምን ልስማው? ክዳኑን አትንካ አሉኝ፣ አልነካሁም።»

ገሠሠ ዓይኑን ከዓይኑ ላይ አልነቀለም። ከጃኬቱ ሥር ያለው እጁ አልወጣም።

«አልነካሁም አልክ?»

«አልነካሁም።»

«ታዲያ ጣትህ ላይ ያለው የእርሳስ ጥቁረት ምንድን ነው?»

ሰይፈሚካኤል ጣቱን አየ። ክሩን የጠቀለለበት ነው።

የገሠሠ ስልክ ጮኸ። አነሣው። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ማን ገባ? ሰባተኛው ረድፍ? ልጅቷስ? ...የምን መኪና ነው የወሰዳት?»

ሽጉጡ ወጣ።

ሰይፈሚካኤል በሙሉ ክብደቱ ክንዱ ላይ ወደቀ። ተኩሱ ጣሪያውን በስቶ ሄደ። ሾፌሮች ጮኹ፤ ከተሳቢዎቹ መካከል የታጠቁ ሰዎች ዘለው ወጡ። ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን አነሡ። ገሠሠ መሪው ላይ ተደፍቶ ካቴና ሲገባበት «ልጅቷ ማን እንደሆነች ገና ዛሬ ነው የማውቀው፤ አንተ ነህ ያተረፍካት» አለው፣ በጥላቻ።

አዎ፣ አትርፏታል።

በአምስተኛው ቀን ስቴሪዮውን አበጅቶ ዓለም ጤና ይዞት ሄደ። መብራቱ በርቷል፤ ሸክላው ይዞራል። አዴ ሎሚ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጎረቤት ሳይጠሩ፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ካሴቱን ራሳቸው አስገቡት።

ሽሽሽሽ።

ጠበቁ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ጎኑ አልቆ እስኪቆም ድረስ ጠበቁ።

«ሙቀት ነው፣ አዴ። ያረጀ ካሴት...»

«አትዋሸኝ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ያኛው ጠጋኝ መጥቶ ሲነካካው አንዴ ድምፅ ወጣው። ‹ሃርሜ› አለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነበረች። አንተ ጋ ደርሳ ነው የጠፋችው።»

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። የትኛውን ይንገራቸው? ልጅዎን ያስገደልኩ እኔ ነኝ ይበል? ስሟ እንኳ የማይጠራ አንዲት ልጅ በልጅዎ ድምፅ ተለውጣ ተርፋለች ይበል? ገና ያልተያዙ አሉ፤ ከዚህ ቤት የወጣ ወሬ ማታውን ሞጆ ይደርሳል።

«እጄ ስቶ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማግኔት አስነካሁት።»

አዴ ሎሚ ካሴቱን ከስቴሪዮው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እጅህ ይቆረጥ አልልህም፤ አንተም እናት ይኖርሃል። ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ወጣ።

ሃፍሳ አሁን ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ትኖራለች። የአዳማው ሱቅ በነጋታው ተዘጋ። ዲበኩሉ ያላለቁትን ሥራዎች ተረከበ። ጠጋኙ የት ገባ ለሚለው ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው፦ «የሟች ድምፅ አጥፍቶ አፍሮ ጠፋ። ድሮም ቢሆን እጁ ሸካራ ነበር።»