ከል የለበሰው መጋረጃ

ይሄይስ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የመጣው ለሳምንት ሥራ ነበር። ከአንድ ሟች ነጋዴ የተወረሰው ቤት ሳሎን የቀበሌው ፊልም ቤት ሊሆን ነው። ፕሮጀክተሩ የት እንደሚቆም ይወስናል፣ መጋረጃውን ያሰቅላል፣ የመጀመሪያውን ፊልም አሳይቶ ይመለሳል። ፍቅር ይይዘኛል ብሎ አልመጣም። ማንስ እንደዚያ ብሎ ይመጣል?

ከሳሎኑ ጀርባ ግን አንዲት ያልተወረሰች ክፍል ነበረች። የነጋዴው ሚስት እማማ ታንጉት ከልጃቸው ከያይኔአበባ ጋር እዚያች ውስጥ ይኖራሉ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ተስፋው ሳሎኑ መሀል ቆሞ እጆቹን ዘረጋ።

«ሥዕሉ ሦስት ሜትር ይሁን! ሕዝቡ ትልቅ ነገር ይይ!»

ይሄይስ ለካ። ሳሎኑ አሥር ሜትር ነው፤ በያዘው ሌንስ ደግሞ ከአሥር ሜትር ርቀት የሚወጣው ሥዕል ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ሦስት ሜትር እንዲሞላ ፕሮጀክተሩ አምስት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ወደ ኋላ ያለው የእናትና ልጅ ክፍል ነው።

«ታዲያ ግድግዳውን እናፈርሰዋለና» አለ ተስፋው፣ አጥር የሚያስነቅል ያህል ቀሎት። «ለእነሱ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

ያይኔአበባ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ይሄይስን ብቻ አየችው፤ እሱም ሜትሩን መጠቅለል ረስቶ አያት።

ሊቀ መንበሩ ሲወጣ ወደ ይሄይስ ቀረበች።

«ወንድሜ ስዩም ግንባር ነው። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፏል። እናቴ ከዚች ክፍል ንቅንቅ የማትለው ለሱ ብላ ነው። ሲመለስ ወዴት ብሎ ይመጣል?»

«እንግዲያው ሥዕሉን እናሳንሰዋለን።»

«ተስፋውስ?»

«ሌንሱ ከዚህ በላይ አይችልም እለዋለሁ። የመጋረጃውን አቡጀዲ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ከከበብነው ብርሃኑ ይሰበሰባል፤ ትንሹ ሥዕል ትልቅ ይመስላል። ስፌት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። አንተ ግን ሰው ማታለል የት ተማርህ?»

«ዛሬ ነው የጀመርሁት።»

ሳቀች። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። እሱ ሲለካ የሜትሩን ጫፍ እሷ ትይዛለች። የመጋረጃው ታችኛ ጠርዝ ከተቀማጭ ራስ በላይ እንዲሆን አግዳሚው ላይ አስቀምጧት እየተመላለሰ ያያል። ሊያይ የሚገባው መጋረጃውን ነበር።

«ፊት ለፊትሽ ረዥም ሰው ቢቀመጥስ?»

«እንዳንተ ያለ?»

«እኔማ ከኋላ ነኝ፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር።»

«እኔም ከኋላ እቀመጣለኋ» አለች፤ ያለችው ነገር ዘግይቶ ገባትና አቀረቀረች።

ይሄይስ ሜትሩን ጠቀለለ። «ፊልሙ ከታየ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሺታ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት እማማ ታንጉት ከገበያ ተመለሱ። ስለ ጥቁሩ ጨርቅ የነገራቸው ሰው የለም። ሳሎኑ ወለል ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ልጃቸው ተደፍታ ዳሩን በጥቁር ትሰፋለች። ለእሳቸው ጥቁር ከል ነው፤ ከል ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ዘንቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ደበቃችሁኝ?»

«ምኑን እማዬ?»

«ልጀን! መርዶውን ደበቃችሁኝ! አንች፣ መቼ ነው የሞተ?»

ደረታቸውን እየደቁ ወደ ደጅ ወጡ። ቤቱ በጎረቤት ተጥለቀለቀ። ለተመልካች የተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ ለቀስተኛ ተቀመጠ። ያይኔአበባ «ማንም አልሞተም! የፊልም መጋረጃ ነው!» ብላ ብትጮህ የሚሰማት ጠፋ፤ እህት ናትና ሐዘኑ አቅሏን አሳታት አሉ። ነገሩ ተጣርቶ ሰው ሲበተን እማማ ታንጉት ብቻ ማልቀሳቸውን አላቆሙም። ዓመት ሙሉ ያፈኑት እንባ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም።

እሑድ ፊልሙ ታየ። ሥዕሉ በጥቁሩ ዳር ውስጥ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ ተስፋው አጨበጨበ፤ የግድግዳውም ነገር ተረሳ። ያይኔአበባ ግን ከኋላ አልተቀመጠችም። ከእናቷ ጋር ክፍላቸው ውስጥ ነበረች።

ይሄይስ መሪጌታ ገብረሰንበትን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። እማማ ታንጉት በአክብሮት ተቀበሏቸው።

«ልጁ ክፉ አይደለም፣ መሪጌታ። ክፍሌን ያተረፈልኝም እሱ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ልጀን በቁሙ አስለቀሰኝ። ስዩም መጥቶ በራሱ እጅ ይዳራት። ከዚያ በፊት ብትሄድ ጡቴ ይፋረዳት።»

መሪጌታ ቢለምኑም እማማ ታንጉት ቃላቸውን አላጠፉም።

ይሄይስ በሚመለስበት ጠዋት የጭነት መኪናው ደጃፉ ላይ ቆመ። ያይኔአበባ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

«እናትሽንም ይዘን እንሂድ» አላት። «ቤት አለኝ፤ ለሦስታችንም ይበቃል።»

«ስዩም ሲመጣ ማን በር ይከፍትለታል ትላለች። ጥያት ደግሞ አልሄድም።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ።» ዓይኖቿ ሞሉ። «ይሄይስ፣ ያንን ግድግዳ አፍርሰኸው ቢሆን…»

«ቢሆንስ?»

«መውደቂያ ስናጣ ከእናቴ ጋር ወዳንተ እንመጣ ነበር።»

እጇን ያዘና ለቀቀው፤ ወጥቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሣ። ያይኔአበባ አቧራው እስኪሰክን ቆማ አየችና ወደ ቤት ገባች።

«ማነው የመጣው?» አሉ እማማ ታንጉት ከአልጋቸው ቀና ብለው። «ስዩም ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ» አለችና በሩን ዘጋች።