ዘጠኝ ጥፍር

ስንዱ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ አስቀድማ የምትሠራው ሥራ ጥፍሯን መብላት ነበር። ባሏ ግዛቸው ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ በሩን ከኋላው ትዘጋለች፤ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጠልፈውን ነጭ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ግን ቀኝ እጇ ማንም ሳያዘው ወደ አፏ ይወጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ በበሩ ሥር እየሾለከ እግሯን ሲያቀዘቅዛት፣ ከግቢው ውጭ ጋሪዎች በኮብልስቶኑ ላይ እየተንቋቁ ሲያልፉ፣ እሷ አንዱን ጣት ጨርሳ ወደ ሌላው ትሄዳለች። አያማትም። ከአምና ወዲህ ብዙ ነገር አያማትም።

አምና በጥር ልጇ ኤፍራታ በተወለደች በመቶ ሦስተኛ ቀኗ ሞተች። ሐኪሞቹ ደሟ ተመርዟል አሉ። ሰው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የተዋሱት ወንበር ተመለሰ። ስንዱ አላለቀሰችም አይባልም፤ አልቅሳለች፣ ግን የራሷን ልቅሶ የጎረቤት ልቅሶ ይመስል ከግድግዳው ማዶ ነበር የምትሰማው። ጥፍሯን መብላት የጀመረችው ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያኔ ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ነገሩ ችግር የሆነው ታናሽ እህቷ የውብዳር ሴት ልጅ ስትወልድ ነው። የውብዳር የመጀመሪያ ልጇን ስንዱ ክርስትና እንድታነሳላት፣ በሰማንያ ቀኗም የምትለብሰውን ቀሚስ እንድትጠልፍላት ለመነቻት። ስንዱ እሺ አለች፤ እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ጠለፋውን በጀመረች በሁለተኛው ቀን ነጩ ጨርቅ ላይ ሦስት የደም ጠብታ አገኘች። በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ብታሸውም ቦታው እንደ ዝገት ሆኖ ቀረ።

"የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!" አለች የውብዳር ጨርቁን አይታ። እየሳቀች ነበር፤ የእህቷን እጅ ይዛ ስታገላብጠው ግን ሳቋ አለቀ። "ውይ ስንድዬ! ይሄ ጣት ነው እንዴ? ቆይ፣ እኔ አስተውሻለሁ።"

መድኃኒቱ እሬት ነበር፤ እናቶች ልጃቸውን ጡት ሊያስጥሉ ሲፈልጉ ጡታቸው ጫፍ ላይ የሚቀቡት እሬት። የውብዳር ከጓሮዋ ቅጠሉን ሰብራ ቢጫ ፈሳሹን በትንሽ ጠርሙስ አመጣችላት። ጠዋትና ማታ አሥሩንም ጣትሽን ቅቢ፣ ስትተኚ በጉሎ ዘይት እሺው፣ እንቁላልም ብዪ እንጂ፣ ጥፍር በባዶ ሆድ አይጠነክርም ብላ እንደ ሐኪም አዘዘች። ከዚያ ልጇን ሚጡን አዝላ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ደግሞ የሚጡን ጥፍር አንቺ ነሽ የምትከረክሚልኝ። እኔ እፈራለሁ። ለኤፍራታ እንዴት አድርገሽ ትነክሺላት እንደነበር አይቼ የለ!"

በእነሱ ቤት የሕፃን ጥፍር ስለት አይነካውም። ሕፃኑ ፊቱን መቧጠጥ ሲጀምር እናቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ አፏ ውስጥ እያስገባች በፊት ጥርሷ ጫፍ ጫፉን ትቀጥፍለታለች። እናታቸው ለሁለቱም እንዲህ አድርጋለች፣ ስንዱም ለኤፍራታ። አንድ ቀን ግን ልጅቷ ስትወራጭ የስንዱ ጥርስ አለፈና ከልጅቷ ቀኝ እጅ የቀለበት ጣት ላይ ሥጋ ነካ። በማግሥቱ ጣቷ ቀላች። በሦስተኛው ቀን አበጠች፣ ልጅቷንም ትኩሳት ያዛት። ሐኪሙ ጣቷን ምን ነካት ብሎ ሲጠይቅ ስንዱ አላውቅም አለች። ከዚያ ወዲያ ለግዛቸውም፣ ለእህቷም፣ ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፣ እውነትም ፈጀው።

እንግዲህ ከክርስትናው በፊት ከሁለት አንዱን ማድረግ ነበረባት፤ ወይ ጥርሷን የእህቷ ልጅ ጣት ላይ ማሳረፍ፣ ወይ ለምን እንደማታደርገው መናገር።

እሬቱ ሠራ። መጀመሪያ ሰሞን እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሲወጣ ምሬቱ ጉሮሮዋ ድረስ ይወርዳል፤ የምትበላው እንጀራ ሳይቀር እሬት እሬት ይላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እጇ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። በአራተኛው፣ አመድ መስለው የኖሩት ጥፍሮቿ ጫፍ ላይ ነጭ ጠርዝ አወጡ፤ ጠረጴዛውን ስትነካው ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ግዛቸው እጇን በሁለት እጁ ይዞ አየውና ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ስንዱም ፈገግ አለችለት። ውስጧ ምንም አልተነሳም፣ አፏ ግን ባዶ ሆኖ ተሰማት።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ውሃው አንገቷን አቃጠላት። መስታወቱ ጋ ሄዳ አየች። ከአገጯ ሥር እስከ ደረቷ ቀጫጭን ቀያይ ጭረቶች ወርደዋል። የራሴ ጥፍር ነው፣ ጥፍር ያልለመደ ሰው ራሱን መቧጨሩ አይቀርም ብላ ጫፎቹን በሞረድ አለሰለሰቻቸው። በማግሥቱ ሌሎች ጭረቶች ነበሩ።

"አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?" አለ ግዛቸው።

"ማተቤ ነው የፈገፈገኝ።"

ማተቧ ለስላሳ የጥጥ ክር ነው። ግዛቸው ክሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ከአምና ወዲህ እሱም ሁለተኛ አለመጠየቅን ለምዷል።

ቅዳሜ የውብዳር እንሶስላ ይዛ መጣች። ሥሩን ወቅጣ የእህቷን ሁለት እጆች እስከ አንጓቸው ለቀለቀቻቸው፣ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው፣ በላዩ ላይ ፌስታል አልብሳ በገመድ አሰረቻቸው። ጥፍር ያጠነክራል፣ ለክርስትናውም ታምሪበታለሽ፣ እስከ ነገ እንዳትፈቺው አለቻት። እጅ የሌላትን ሴት ግዛቸው ራት አጎረሳት፤ እንደ ሙሽራ ነው የምትበዪው ብሎ ቀለደባት። ስንዱ ሁለቱን ጥቅልሎች ደረቷ ላይ አስቀምጣ ተኛች።

እሑድ ጠዋት አንገቷ ሲያቃጥላት ነቃች። ጥቅልሎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ገመዱም የውብዳር እንደቋጠረችው ነው፣ የእህቷን ቋጠሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግዛቸው ፈትቶላት ጣቶቿ ቀይ ዳማ ሆነው ሲወጡ "አማረብሽ!" አላት። እሷ ወደ መስታወቱ ሄደች። በአንገቷ በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት ጭረት አለ። የራሷን ጣቶች አምስቱ ላይ አስተኝታ ለካቻቸው፤ ሁለት ጣቷ ብቻ አምስቱንም ሸፈናቸው።

መፍራት እንዳለባት ገብቷታል። ፍርሃቱ ግን በብርድ የደነዘዘ እግር ይመስል አለ ቢሏት እንጂ አይሰማትም ነበር። የራሷን ቀሚስ አንገት ከፍ አድርጋ ቆለፈችና ቁርስ አቀረበች።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስታጥብ ግዛቸው ከውስጥ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ለቆት ግቢው ውስጥ ከቦይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል፤ እርጥብ አፈርና የሳሙና ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

"ስንዱ፣ ተይ እንጂ!" አለ ግዛቸው ካለበት ሆኖ። "እሰማሻለሁ እኮ።"

"ምኑን?"

"ጥፍርሽን ስትበዪ ነዋ።"

ስንዱ ወደ ሳፋው አየች። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ነበሩ። እሷም ሰማችው፤ ከጆሮዋ ሥር፣ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ደግሞ ቀጭ። "እሺ፣ ተውኩት" አለች።

በማግሥቱ ስትነቃ ምላሷ ላይ የሆነ ነገር ነበር። በጣቷ አውጥታ መስኮቱ ጋ ወሰደችው። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣ ግማሽ ጨረቃ የሆነች ጥፍር ናት። የራሷን አሥር ጥፍሮች አየች፤ አሥሩም ሙሉ፣ አሥሩም ጠንካራ ናቸው። አፏ ውስጥ የእሬት ምሬት አልነበረም፤ የረጋ ወተትና የቫዝሊን ጣዕም ነበር። እናታቸው ጥፍር ሜዳ ላይ አይጣልም ትል ስለነበር ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተቻት። አንገቷ ላይ የዚያን ቀን ጭረቱ ዘጠኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ አንዲት ጥፍር ምላሷ ላይ ታገኛለች፣ ጭረቱም በአንድ ይቀንሳል። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። ቀኑን እየጠለፈች ታሳልፋለች፤ ከቀሚሱ አንገት ጀምራ ወደ ደረቱ ትወርዳለች፣ ጨርቁ ላይ ደም ከጠፋ ሰንብቷል። የውብዳር በመጣች ቁጥር ጥፍሯን አይታ ትመርቃታለች፣ ቀጥላም የሚጡን ጥፍር ታነሳለች። ስንዱ አንዴ ልጅቷ ተኝታለች ትላለች፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። የውብዳር የልጇን እጆች ካልሲ አልብሳ ይዛት ትመለሳለች።

የጥፍሮቹ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቆመ። ስንዱ ሌላ ጥፍር ሳታገኝ ስድስት ቀን አለፈ። ጭረቱም አንድ ብቻ ቀረ፤ በየጠዋቱ እዚያው ቦታ፣ ከግራ ጆሮዋ ሥር፣ በየቀኑ ጠለቅ ይላል። ሕፃን አቅፋ የምታውቅ ሴት ደረቷ ላይ የተኛ ልጅ ቀኝ እጅ የት እንደሚያርፍ አይጠፋትም። የትኛዋ ጣት እንደቀረች ክብሪቱን ከፍታ መቁጠር አላስፈለጋትም።

ሚጡ በተወለደች በሰባ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የውብዳር ቀሚሱን ልትለካ ልጇን ይዛ መጣች። ሰማዩ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ወዲያው በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፣ መብራትም ጠፋ። ሚጡ ካልሲ በለበሱት እጆቿ ፊቷን እንደሸፈነች አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ስንዱ የቀረችውን አንዲት የጥልፍ ዘለላ ልትጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠጋች።

"ነገ ቤተ ክርስቲያን በካልሲ አልወስዳትም መቼም" አለች የውብዳር። "ውሃ ላሙቅና ሰውነቷን እናጥባት፣ ከዚያ ትከረክሚላታለሽ። እምቢ ካልሽ ግን ዛሬ ምክንያቱን ትነግሪኛለሽ። ተቀይመሽኝ ነው? እኔ ልጅ ስላለኝ ነው?"

"አይደለም የውቤ። ውሃውን ጥደሽ ነይ፣ እነግርሻለሁ።"

የውብዳር ወደ ማድ ቤት ሄደች። ስንዱ ልትናገር ቆርጣ ነበር። ቃሉን በልቧ ደረደረችው፤ ኤፍራታን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጥርሴ። ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣው እንባ ከዓይኗ ሥር ሲሞቃት ተሰማት፤ ደስ ሊላት ምንም አልቀራትም። በረዶው ድንገት አቆመ። ጨለም ባለው ቤት ውስጥ የረጋ ወተት ሽታ መጣ፣ ከእሱም ሥር የቁስል ቅባት፣ ሐኪሙ ያን ጊዜ ያዘዘው ቅባት።

የውብዳር የሞቀውን ውሃ ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆመች።

"ውይ ስንድዬ! ደግሞ ጀመርሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ታግሠሽ?"

ስንዱ አፏ እየተንቀሳቀሰ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ወደ ታች አየች። ቀኝ እጇ መርፌውን ይዟል፣ ግራ እጇ ጨርቁን ወጥሯል፤ ሚጡ እጆቿ በካልሲ እንደተሸፈኑ አልጋው ላይ ተኝታለች። የደረደረችውን ቃል ልትናገር ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ቃል ብታወጣ ጥርሷ መዘጋቱ ነው፣ በጥርሶቿ መሃል የገባችው ትንሽ የቀለበት ጣት አብጣለች፣ ትተኩሳለች።