ከገበሩ ሥር ሦስት ስፌት

መስከረም 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሀዋሳ ከተማ ከባህል አዳራሽ ብዙም በማይርቀው የወይዘሮ ሰብለ የቆዳ ቦርሳ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ የስፌት ማሽኖች ነበሩ፤ ከእነዚህም ዘጠኙ ይሠሩ ነበር። ሠራተኞቹ ሃያ ሦስት ሲሆኑ፣ ሃያ ሁለቱ ሙያተኞች፣ አንዷ ተለማማጅ ነበረች። ከበሩ ጀርባ፣ በግድግዳው ላይ፣ አንድ የብረት መንጠቆ ተተክሏል፤ ከሥሩም ዐሥር ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ተቀምጧል። በዚያ ቤት ከባለቤቲቱ ይልቅ የሚፈራው ይህ መንጠቆ ነበር።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው፤ ተለማማጅ ዐሥራ ስምንት ወር ከሠራ በኋላ ከመቁረጥ እስከ መስፋት ማንም ሳይረዳው አንድ ቦርሳ ብቻውን ይሠራል፤ ቦርሳውም የአሸዋውን ከረጢት ተሸክሞ ሦስት ቀን ይሰቀላል፤ ከዚያ እጀታው ይለካል። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለጠጠ ሥራው ወደቀ። ካልተለጠጠ ዋናው ባለሙያ «አልፏል» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ተለማማጁ ገበሩን በአንድ ጥግ ፈትቶ፣ ገዥ በማያየው ቦታ፣ በመረጠው ክር ሦስት ስፌት ይሰፋል። ምልክቱ ይኸው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙያተኛ ይባላል።

ተለማማጇ ሐዳሳ ማቴዎስ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ ከቱላ በባጃጅ እየተመላለሰች ትሠራለች። ከዚያ በፊት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሦስት ዓመት ሸሚዝ ሰፍታ ነበር፤ ሸሚዝ ይባል እንጂ የሰፋችው አንገትጌ ብቻ ነው። ስንት ሺህ አንገትጌ እንደሰፋች አታውቅም፤ አንድም ሙሉ ሸሚዝ እንዳልሠራች ግን ታውቃለች። በዚህ ዕድሜዋ እንደገና ከታች የጀመረችው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሷ የሆነ አንድ ነገር በዓለም ላይ እንዲኖር ነበር።

«ሐዳስዬ፣ ያን ቦርሳ የሠራሽ ቀን እኮ በባጃጅ አትሳፈሪም፤» ትላት ነበር የማሽን ጎረቤቷ ሮማን። «በአንቀልባ አዝለሽው ነው በእግርሽ ቱላ የምትገቢው።»

«አንቺ ደግሞ ከኋላ እልል እያልሽ ትሸኚኛለሽ።»

ዋናው ባለሙያ ጋሽ ወንድሙ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አርባ ዓመት ከቆዳ ጋር የኖሩ ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ ነገር አያበዙም። «ጨርቅ የተወጋበትን ይረሳል፤ ቆዳ አይረሳም። መርፌ ከመስደድሽ በፊት አስቢ፤» ይሏታል። ስለ እጀታ ሲናገሩም፣ «ከጀርባ ቁረጪ፤ በአከርካሪው አቅጣጫ። ጀርባ ሸክም ለምዷል። ሆድ መብላት እንጂ መሸከም የት ያውቃል?» ብለው የራሳቸውን ሆድ መታ ያደርጋሉ።

ከክረምቱ ጀምሮ ግን ሐዳሳ አንድ ነገር አስተውላለች። ጋሽ ወንድሙ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትተዋል፤ «ለልምምድ ይሁንሽ» እያሉ ለእሷ ይሰጧታል። የስኳር ሕመማቸው ዓይናቸውን ብቻ ሳይሆን የጣታቸውንም ጫፍ እንዳደነዘዘው የተረዳችው ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ አንስተው ሳያስቀምጡት ብዙ ሲያወሩ አይታ ነው። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

በዚያ ዓመት በሰሜን ጦርነት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ሊያስወጣ መወሰኑ ተሰማ፤ ውሳኔው የሚጸናው ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ሰብለ በእጃቸው አንድ የአሜሪካ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ስድስት መቶ ቦርሳ። ገዥው ስድስት መቶው ካልሞላ አንዱንም አልቀበልም ብሏል። ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «ታኅሣሥ 14 በሚነሣው አውሮፕላን ከተጫነ በሌላ አገር ገዥ እስክናገኝ እንተነፍሳለን፤ ካልተጫነ ግን ይህ በር ይዘጋል፤» አሏቸው።

ኅዳር 14 ቀን ጋሽ ወንድሙ የመጨረሻዎቹን ቆዳዎች ዘረጉ። ቆዳው ጥቁር ቡናማ የተቀባ ስለነበር ጀርባና ሆዱ በሩቁ አይለይም። ሐዳሳ ጫፉን ይዛ ወጠረች፤ ጋሽ ወንድሙም የእጀታውን የካርቶን ልክ አስቀምጠው በጠመኔ ማስመር ጀመሩ። በጣቷ ሥር ያለው ቆዳ የላላ ነበር። ሆድ ነው። እጇ ቆመ።

«ጋሽዬ…» አለች።

«ምነው?»

በዙሪያው ሰው ነበረ፤ ሮማን ነበረች፤ ወይዘሮ ሰብለም በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር። አርባ ዓመት የሠሩ ሽማግሌ በሃያ ሰው ፊት፣ ያውም በተማሪያቸው አፍ፣ ጀርባን ከሆድ መለየት ተሳናቸው ሊባሉ ነው። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብላ ራሷን አባበለች።

«ምንም፣ ጋሽዬ።»

በዚያን ቀን መቶ ሰማንያ እጀታ ተቆረጠ። ዐሥራ ስምንት ወሯ ሞልቶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ሐዳሳ ለፈተና ቦርሳዋ አንድ እጀታ ቆረጠች፤ ከጀርባ፣ በአከርካሪው አቅጣጫ።

ታኅሣሥ 6 ቀን የገዥው ተቆጣጣሪ መጣ። ከስድስት መቶው ቦርሳ ሃያውን መርጦ በክብደት ሰቀለ፤ የስድስቱ እጀታ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተለጠጠ። «ችግር ያለበትን ለይታችሁ ለውጡ፤» ብሎ ሄደ።

ሐዳሳ እያንዳንዱን እጀታ በጣቷ እየሳበች በግማሽ ቀን መቶ ሰማንያዎቹን ለየች። አዲስ እጀታ በማሽን ቢሰፋ ከአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ይከፍትና ቆዳው ይቀደዳል፤ ስለዚህ በእጅ፣ በዚያው በአሮጌው ቀዳዳ መስፋት ግድ ሆነ። ይህን የሚችሉት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንድ ሰው በቀን ከአራት በላይ አይጨርስም። ጋሽ ወንድሙ ከአምስቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ክር በሰም ያሹ ነበር። በሰባት ቀን መቶ አርባው ተሰፋ። አርባ ቀረ፤ አውሮፕላኑም ትእዛዙን ሳይጭን ተነሣ።

በማግስቱ ሐዳሳ ከጋሽ ወንድሙ ፊት ቆመች።

«ጋሽዬ፣ የዚያን ቀን አውቄ ነበር። ሆድ መሆኑን በእጄ አውቄ ነበር።»

ሽማግሌው ሰሙን በወረቀት ጠቀለሉ። «እጅሽ ሲቆም ተሰምቶኛል፤» አሉ።

«ታዲያ ለምን…»

«ጠየቅሁሽ፤ ምንም አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ምንም ስትዪኝ ደስ አለኝ። አንቺ እኔን አከበርሽ፤ እኔ ክብሬን አከበርሁ። ሃያ ሰው በመካከላችን ቆሞ ነበር፣ ልጄ።»

አለቀሰች፤ እሳቸው አላለቀሱም። ከዚያ ተሠርቶ ያለቀውን ቦርሳዋን አውጥታ በጉልበታቸው ላይ አኖረችው። «እንግዲህ ይመልከቱልኝ። ይስቀሉትና ይፍረዱ። ከወደቀም ይውደቅ።»

ጋሽ ወንድሙ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ስፌቱን፣ ጠርዙን፣ እጀታውን። ከዚያ መለሱላት።

«በእነዚህ ጣቶች ጀርባ ነው ብዬ ነው ሆድ የቆረጥሁት። በእነዚህ ጣቶች አልፏል ብልሽ ማለፍ ይሆንሻል? የእኔ ምስክርነት ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም።»

«ለእኔ ይሆነኛል፣ ጋሽዬ።»

«አይሆንም፤» አሉ፤ ኮታቸውንም ለበሱ።

ታኅሣሥ 20 ቀን እህታቸው ዘንድ ሊኖሩ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሐዳሳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው፤ የሄዱት ስለ መንገዱና ስለ አቧራው ብቻ እያወሩ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካው ውሳኔ ጸና። ወይዘሮ ሰብለ ማሽኖቹን ሸጡ፤ በሩም ተዘጋ።

በዚያ ዘመን ስለ ተዘጉ አምራቾች በተዘጋጀ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይህ ቤት አንድ መሥመር ይዟል፤ ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር «የውጭ ገበያ መዘጋት» ተብሎ ተጽፏል። ሐሰት አይደለም፤ ትእዛዙ ቢላክ ኖሮም ቤቱ ከጥቂት ወራት በላይ መቆየቱን ማንም አያረጋግጥም። ነገር ግን ሰንጠረዡ አንዲት ሴት «ጋሽዬ» ብላ ቀሪውን መዋጧን የሚያሰፍርበት ዓምድ የለውም፤ የሚያስታውሱትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ሰብለ መንጠቆውንና የአሸዋውን ከረጢት ለሐዳሳ ሰጧት። በጥር ወር፣ በቱላ፣ ከእናቷ ቤት ምሰሶ ላይ መንጠቆውን ተክላ ቦርሳውን ሰቀለችው። ሮማን ልትጠይቃት መጥታ አየችው፤ ስለ አንቀልባው ግን አላነሣችም። የ«አልፏል» ቃል ሳይሰማ ገበር አይፈታምና ሐዳሳ ገበሩን አልፈታችም፤ ሦስቱም ስፌት አልተሰፋም። ከመሰቀሉ በፊት እጀታው አምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ስትለካው አምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ሆነ።