ሰባተኛው ላሜራ

ሰው ለፍቅር ሲል ዋሸ ሲባል አንጀታችን ይራራል። ለምን ይራራል? ለፍቅር የተዋሸ ውሸትም ውሸት ነው! የወደቡ ጠላቂ ይህ የገባው ዘግይቶ፣ መፋቂያ ይዞ በአንድ ጀልባ ሆድ ሥር ከተንበረከከ በኋላ ነው።

ኬሚስቷ አዲስ ቀለም ሠርታ ነበር፤ ቅርፊታም የባሕር ነፍሳት በጀልባ ሆድ ላይ እንዳይጣበቁ የሚከላከል። ስምንት ላሜራዎች የተለያየ ቀለም ተቀብተው ከተንሳፋፊው መድረክ ሥር ባሕር ውስጥ ተንጠለጠሉ። የእሷ ቀለም ያለበት ሰባተኛው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጠላቂው ጠልቆ ያወጣቸዋል፤ እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ ትመዘግባለች፤ እሱ መልሶ ይሰቅላቸዋል።

«ዶክተር፣ ዛሬም ሰባተኛው እንደ መስታወት ነው።»

«ዶክተር አትበለኝ አላልኩህም?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እስኪገኝልህ ዝም በላ።»

ዝም ይላል። ዓይኑ ግን ዝም አይልም፤ እሷም ታውቃለች።

በአራተኛው ወር በሰባተኛው ላሜራ ጥግ ምስር የሚያካክሉ ነጫጭ ቅርፊቶች በቀሉ። ኬሚስቷ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። እስክሪብቶዋን ከፈተች፤ ሳትጽፍ ከደነችው። ትከሻዋ ሲወድቅ ማየት ለጠላቂው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በሚቀጥለው ረቡዕ ስፖንጅ ይዞ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ እሱ ያሻል፤ ሐሙስ ሐሙስ እሷ ትስቃለች።

አንድ ቀን አባቷ፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባቸውን ወደ ጥገናው ግቢ አስጎትተው መጡ።

«የልጄን ቀለም የእኔ ጀልባ ቀድሞ ካልተቀባው ማን ሊቀባው ነው? በል አሮጌውን ፋቅልኝ። ሦስት ዓመት አገልግሎኛል፤ ጡረታ ይውጣ።»

ጠላቂው መፋቅ ጀመረ። አሮጌው ቀለም አንድም ቅርፊት አልነበረበትም።

«ምን ታሻሸዋለህ አንተ? ሕፃን እያጠብክ ነው እንዴ? ፋቅ እንጂ!» አሉና ሳቁ።

ማሻሸት የምትለዋ ቃል ፊቱን አጋየችው። እኚህ ሰው በልጃቸው ቀለም ተማምነው እንጀራቸውን ሊቀቡ ነው። መፋቂያውን ጥሎ ወደ ኬሚስቷ ቤተ ሙከራ ሮጠ።

«ሰባተኛው ላሜራ ንጹሕ አይደለም» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «የማጸዳው እኔ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ። አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ።»

ጥፊ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በስፖንጁ ሻካራ ጎን ነው አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ቀለሙ ላይ ጭረት አየሁ። ገና በሦስተኛው ሳምንት። ሞገድ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«እኔ እኮ እንድትስቂ ብዬ…»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች። «አንተስ አላወቅህም ይባልልሃል። እኔ ተምሬ ነው የዋሸሁት! የገዛ አባቴን!»

ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ወደ ጀልባው ሄዱ። የነገረቻቸው እሷ ናት፤ አንዲት ቃል ሳትሸሽግ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ተፋቀው ጎን ዞሩ።

«ስንት ክንድ ፋቅህ?»

«ሁለት ክንድ፣ አባባ።»

«በአሮጌው ዓይነት መልሳችሁ ቀቡልኝ። ሁለታችሁም። ዛሬ።» ጥቂት ራመድ ብለው ዞር አሉ። «ደግሞ ልጄን ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ እንዳታስቃት።»

ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቀቡ። ብሩሹ እጃቸውን ባነካካ ቁጥር የሁለቱም ፊት ቀላ፤ ግን አንዳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።

ኬሚስቷ ለመሥሪያ ቤቷ እውነቱን ጻፈች፤ ለቀለሙ ሊሰጣት የነበረው ሽልማት ቀረ። ቀለሙንም እንደገና ቀመመችና አዲስ ሰባተኛ ላሜራ ሰቀሉ።

በአራተኛው ወር ሐሙስ ቀን ጥጉ ላይ ነጫጭ ቅርፊቶች በቀሉ። ጠላቂው እርጥብ እንደሆነ ላሜራውን ታቅፎ ቀና ብሎ አያት።

«ማሸት አማረህ?»

«በጣም።»

«ቁጠራቸው።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ በጣቱ እየጠቆመ፣ እሷ ጮክ ብላ እየደገመች ቆጠሩ።

«ሃያ ሦስት ናቸው፣ ዓለሜ» አላት። ከአፉ አምልጦት ነው።

ዶክተር አላላትም። እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ሃያ ሦስት ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ገና ውሃ የሚንጠባጠበውን እጁን ያዘችው።